የማለዳ ልክ

ሸሚዙ በጭንቅላቷ ገባ፤ ትከሻዋ ላይም አረፈ፤ ደረቷ ጋ ሲደርስ ግን አልሄድም አለ። ጥሩዬ ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ሳብ አደረገችው። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ደግማ ሳበችው። ከብብቷ ሥር ክር ጠስ ሲል ሰማችና ደንግጣ ለቀቀችው።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኗል። ፈተናው የሚዘጋው ዘጠኝ ላይ ነው።

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው መስታወት ሄዳ ራሷን አየች። የሸሚዙ የፊት ጫፍ ከኋላው በሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከሁለቱም ብብቶቿ ሥር የተነሣ መጨማደድ ወደ ደረቷ ጫፍ ይሮጣል። አንገቱ ደግሞ፣ ጠዋት ስንት ተጠንቅቃ የቆረጠችው አንገት፣ ከፊት አፉን ከፍቷል። ስፌት የማያውቅ ሰው እንኳ አይቶ የሚስቅበት ሸሚዝ ነበር።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ይኼንኑ ሸሚዝ ቤቷ ውስጥ በአሮጌ አንሶላ፣ በእጅ መርፌ ሦስት ጊዜ ሰፍታዋለች። ሦስቱንም ማለዳ ተነሥታ፣ ሜትሩን ደረቷ ላይ አዙራ፣ ሰማንያ ስድስት ብላ ለክታ ነው የቆረጠችው። ሦስቱም በልኳ ቁጭ ብለው ነበር። ዛሬም ማለዳ ለካች፤ ዛሬም ሰማንያ ስድስት ነው። ሜትሩ ያው፣ እጁ ያው፣ ገላው ያው። ታዲያ ምን መጣባት?

ፈተናው ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። አንዲት የበጋ ሸሚዝ፤ እጅጌ የሌላት፣ ደረቷ ድፍን፣ ቁልፍም ዚፕም የማይገባባት፣ በጭንቅላት የምትጠለቅ። ተፈታኟ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የራሷን ልክ ትለካና ቅጹ ላይ ትጽፋለች። ከሐቢብ ሱቅ የመጣውን አንድ ሜትር ተኩል ውኃ ሰማያዊ ስስ ጥጥ ትረከባለች፤ ትቆርጣለች፤ ትሰፋለች፤ በመጨረሻም የሰፋችውን ለብሳ ፈታኙ ፊት ትቆማለች። ፈታኙ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጂንካ ውስጥ በሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ሲረግጡ የኖሩ፣ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ወገብና ትከሻ በቃላቸው የሚያውቁ ሽማግሌ። የራሷን ልክ ያላወቀች የሰው ልክ አታውቅም ባይ ስለሆኑ በሌላ ሰው ገላ ላይ አያስፈትኑም። የማሠልጠኛው ግቢ በር ጠዋት ከተዘጋ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚከፈተው። በመሐል ከበሩ የወጣች ፈተናውን እንደተወች ትቆጠራለች። ባለፈው ዓመት አንዷ ብልጥ ቤቷ ሄዳ እህቷ የሰፋችውን ለብሳ ስለመጣች የወጣ ደንብ ነው።

ፈተናውን የሚያልፉት አምስት ሴቶች ተደራጅተው፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አንዲት ሼድና ሁለት የስፌት መኪና ይሰጣቸዋል። ሥራው ደግሞ አለ። ወደ ካንጋተንና ወደ ኦሞራቴ የሚወርደው ሠራተኛ ሁሉ የቆላውን ሙቀት የሚያስችል ስስ ልብስ ይፈልጋል። ሌሎቹ ቦታውን የሚፈልጉት ኑሯቸውን ለመደጎም ነው፤ ጥሩዬ ግን መውደቂያ ስለሌላት ነው። የምትኖርባትን ክፍል ባለቤቶቹ ለሚያገባው ልጃቸው ስለፈለጓት ለፋሲካ ልቀቂ ብለዋታል። ባሏ ተስፋሁን የመኪና ረዳት ሆኖ ወደ ካንጋተን የወረደው ሆዷ ሳይገፋ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውላል፤ ኋላ ስልኩ ዝም አለ፤ ከዚያም እዚያው ከሌላ ሴት ጋር ጎጆ ወጣ የሚል ወሬ መጣ። ሼዱ ካልተገኘ የቀራት አንድ መንገድ ነው፦ ልጇን አዝላ ካንጋተን መውረድና የዚያች ሴት ደጃፍ ላይ ቆሞ መለመን።

ልጇን አልኩ እንጂ፣ በወረቀቱ ላይ ጥሩዬ ልጅ የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተፈታኞቹን ዝርዝር የያዙት ወይዘሮ ብዙወርቅ ገና በምዝገባው ቀን፣ የሚያጠቡ እናቶችን እንደማይመዘግቡ ፊት ለፊት ተናግረው ነበር። ባለፈው ዙር ሁለት አራሶች ሥራውን መሐል ላይ ጥለውት መኪናው ሦስት ወር አቧራ ሲጠጣ ከርሟል፤ ተጠያቂ የሆኑትም እሳቸው ናቸው። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ተረክቦ የማስረከብ ሥራ ሰውን ያደርቃል። ጥሩዬ ያን ቀን የሁለት ወር ልጇን ትጊን ለጎረቤቷ ለኪያ ትታ ነው የመጣችው። ልጅ አለሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ የለኝም አለች፤ እሳቸውም ጻፉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የጥሩዬ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ሥልጠናው በቆየበት ሦስት ወር ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ቤቷ እየሮጠች፣ አጥብታ እየተመለሰች፣ ወዴት ነው የምትሮጪው ለሚላት ሁሉ «እናቴ ታማብኝ ነው» ስትል ከረመች። እናቷ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ዛሬ ግን በሩ ዝግ ነው፤ የምሳ ሰዓት የለም። ዳቦና ሻይ ለተፈታኞቹ እዚያው መኪናቸው አጠገብ መጣላቸው።

ጥሩዬ መጀመሪያ የጠረጠረችው ብብቱን ነው። ጠቦ ይሆናል ወደ ላይ የያዘው ብላ ሸሚዙን አወለቀችና መቀሱን አነሣች። በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ጣት ቆርጣ አሰፋችው። መልሳ ለበሰችው። ደረቱ እንዳለ አለ፤ ብብቱ ግን የጡት መያዣዋን ጎን ለአላፊ አግዳሚው የሚያሳይ መስኮት ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም።

ቀጥላ ሁለቱንም ጎኖች ተረተረች። ደህና ሰፊ ከስፌቱ መስመር ውጪ ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋል፤ ልብሱ የጠበበ ዕለት የሚለቀቅ። ጥሩዬ ግን ጨርቅ ባለማባከኗ የምትኮራ ሴት ናት። ማለዳ ላይ ያንን ትርፍ ቁርጥራጭ አድርጋ ጥላው፣ የሸሚዙ ውስጥ እንዴት ንጹሕ ሆነ ብላ ለራሷ ፈገግ ብላለች። አሁን ሲተረተር የተገኘው ግማሽ ጣት ነው። ያችኑ ግማሽ ጣት ለቅቃ ጎኑን በስፒል አያይዛ ሞከረችው። ከብብቷ እስከ ደረቷ ያለው መጨማደድ ንቅንቅ አላለም። ፊቱም ያው ሦስት ጣት እንደተንጠለጠለ ነው። የሚለቀቅ ጨርቅ አልቋል።

ያኔ ሜትሩን አንሥታ ደረቷን እንደገና ለካች። ሜትሩ ሲነካት አመማት። ቁጥሩን አየች፤ ዘጠና።

ገባት። ትጊ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱንም ጡቶቿን አሟጣ ጠጥታ ነበር። የአንሶላዎቹንም ሸሚዞች ስትለካ እንዲሁ ነው። ልጅ ሳይጠግብ የቤት ሥራ አይያዝምና፣ ሁልጊዜ የምትለካው ካጠባች በኋላ ነው። የለካችው ባዶውን ደረቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ጡቶቿ ድንጋይ ሆነዋል። ከረፋዱ ጀምሮ ሲወጋት የቆየውን ነገር፣ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ ስለዋልኩ ነው ብላ ችላ ብላው ነበር። ሰው የገዛ ገላውን እንዲህ ይረሳል ወይ? ይረሳል። ልጅ የለኝም እያለች ሦስት ወር የከረመች ሴት፣ ጡት እንዳላትም ሳትረሳ እንዴት ይሆንላታል?

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ኪያ ቤት ውስጥ ተርባ የምታለቅስ ልጅ። በመካከላቸው ያለው አንድ የተዘጋ በር ነው።

ሽንት ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ጡቷን በእጇ ጨምቃ ወተቱን ልታፈስ ሞከረች። ድንጋጤ ወተት ይይዛል ይላሉ እናቶች፤ እውነታቸውን ነው። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ጨመቀች፤ የወጣላት ሦስት አራት ጠብታ ነው። ጣቶቿ ያረፉበት ቦታ ቀላ። የልጇን ጉሮሮ እያሰበች፣ ያን ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ማየቱ ራሱ ከሕመሙ ባሰባት። ተራ የሚጠብቅ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ሸሚዙን አውርዳ ወጣች።

ክፍሉ ውስጥ ገብታ ነው ያየችው። ውኃ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ፣ ደረቷ ላይ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ክብ እርጥበት ወጥቷል። ለካውያ የሚረጨውን የውኃ ጠርሙስ አነሣችና የሸሚዙን ፊት ከላይ እስከ ታች አራሰችው። ውኃ ተደፋብኝ ትላለች፤ ሌላ ምን ትበል።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲመጡ ስምንት ሰዓት ከሩብ አልፎ ነበር። ሴት ሲለኩ እጃቸውን አያሳርፉም። ሜትሩን ይሰጧታል፣ ራሷ ታዞረዋለች፣ እሳቸው ቁጥሩን ብቻ ጎንበስ ብለው ያነባሉ። አርባ ዓመት በዚህ ልማድ ነው የተከበሩት። ጥሩዬ ሜትሩን አዞረች። ላላ አድርጋ ልትይዘው አሰበች፣ አጥብቃ ልትይዘው አሰበች፤ የትኛው እንደሚያድናት ጠፋት። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው አነበቡ፤ ቅጹንም አዩ።

«ጠዋት ሰማንያ ስድስት ብለሽ ጽፈሻል» አሏት። «አሁን ዘጠና ነው። ወይ ሜትሩ ዋሽቷል፣ ወይ አንቺ።»

ሽማግሌው የረሰረሰውን የሸሚዝ ፊት ተመለከቱ፤ የተንጠለጠለውን ጫፍ፣ የብብቱን መጨማደድ ተመለከቱ። ስንት ነፍሰ ጡር፣ ስንት አራስ ለክተዋል፤ ልብስ ሲናገር ይሰማሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስንት ወሩ ነው?»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዝርዝሩ ፊታቸው ተዘርግቶ ማስመሪያ ተጭኖበታል። አምስት ወሯ ነው ብትል፣ ሽማግሌው አንድ ዘዴ ይፈልጉላት ይሆናል፤ ጠረጴዛው ግን ይሰማል። የለኝም ብትል፣ ሸሚዙ እዚሁ ይጥላታል። ብትናገርም ሞት፣ ዝም ብትልም ሞት።

«ልጅ የለኝም፣ ጋሼ» አለች።

ይህን ቃል ሦስት ወር ስትለው ኖራለች። እንደዛሬ ግን አፏ ውስጥ መርሯት አያውቅም። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ እንዳላት ነግረዋት ወደ ሌሎቹ ሄዱ።

መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ምን እንደምትሰፋ አታውቅም፤ እጇን ሥራ ለማስመሰል ብቻ ጨርቁን አገላበጠች። ያኔ ነው ከበሩ በኩል ልቅሶ የተሰማው። ሌሎቹ ሴቶች ቀና አላሉም፤ የጂንካ መንገድ ሕፃን ሳያለቅስበት ውሎ አያውቅም። ለጥሩዬ ግን ጡቶቿ ከጆሮዋ ቀድመው ሰሙላት። ሽንት ቤት ውስጥ ቢለመን አልወጣ ያለው ወተት፣ አሁን ማንም ሳይነካው ሸሚዙን አልፎ ጉርዷ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

በመስኮቱ አየች። ኪያ ናት። አትምጪ፣ ምንም ቢሆን እዚያ እንዳትመጪ ብላ አስምላት ነበር፤ መጣች። ትጊን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በበሩ ፍርግርግ በኩል ጥበቃውን ፋሲልን እየለመነችው ነው።

«ልጁ እምቢ አለ» ትላለች። ኪያ አማርኛን ካደገች በኋላ የለመደች የአሪ ሴት ናት፤ ለሴቱም ለወንዱም እሱ ነው የምትለው። «የላም ወተት ሰጠሁ፣ ተፋ። ውኃ ሰጠሁ፣ ተፋ። አሁን ሰውነቱ ሞቀ።»

ፋሲል ደግ ልጅ ነው። ተፈታኝ እንዳይወጣ እንጂ ሰው እንዳይገባ አልታዘዘም፤ ፀሐይ እንዳይመታቸው ብሎ ከበሩ ውስጥ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጣት። ጩኸቱ ግቢውን ሲሞላው ወይዘሮ ብዙወርቅ ብዕራቸውን አስቀምጠው በረንዳው ላይ ወጡ። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ።

የኪያ ዓይን መስኮቱ ላይ ጥሩዬን አገኘ። ሦስት ወር ሙሉ የተነገራት አንድ ነገር ነው፦ ማንም ቢጠይቅሽ የኔ በይ።

«የኔ ነው» አለች።

«ያንቺ ከሆነ ለምን ታስለቅሺዋለሽ?» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «አጥቢው እንጂ።»

ኪያ ወልዳ አታውቅም። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባሏም በዚሁ ምክንያት ነው ትቷት የሄደው። ይህን የማያውቁት ግቢው ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። ኪያ አንገቷን ደፋ አደረገች፤ የቀሚሷን አንገት ፈታች፤ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ምንም የሌለበትን ጡቷን አውጥታ ለትጊ ሰጠቻት።

ልቅሶው ቆመ። ትጊ በሁለት እጆቿ ይዛ ሳበች። አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች። ከዚያ አፏን አላቀቀችና ከቅድሙ የባሰ ጮኸች፤ የተታለለ ሰው ጩኸት ነበር። ኪያ እንደገና አስያዘቻት። እንደገና ተፋችው። ኪያ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ምን ላድርግ የሚል ነገር ብቻ ነው ያለው።

ጥሩዬ ተነሣች ብሎ ለመናገር ይቀላል። ከመኪናው እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ እሷ ግን ያችን አሥር እርምጃ ከመጀመሯ በፊት ሼዱን ከነአረንጓዴ በሩ አየችው። ካንጋተን ያለችውን የዚያችን ሴት ደጃፍ አየቻት። ዝም ብል ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል፣ ኪያም ይዛት ትሄዳለች፣ ልጅ አንድ ቀን ቢራብ አይሞትም ብላም አሰበች፤ ይህን ማሰቧን በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ትጊ ሦስተኛ ጊዜ ስትጮህ ግን እግሯ ያለ ፈቃዷ በረንዳውን አልፎ ነበር። በስፒል የተያዘ ሸሚዝ ለብሳ፣ ደረቷ ርሶ፣ በወይዘሮ ብዙወርቅ ፊት አለፈችና ከኪያ ፊት ቆመች።

«ስጪኝ» አለች። «የኔ ናት።»

ድንጋዩ ላይ ከኪያ ጎን ተቀመጠች። የቀኙን ጎን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቀለች፤ የሸሚዙ ፊት እንደ መጋረጃ ተነሣላት፤ ትጊን ከሥሩ አስገባቻት። ልጅቷ ያዘች። መጀመሪያ አነቃት፣ ሳለች፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳትወስድ መጠጣት ጀመረች። የጉሮሮዋ ድምፅ በግቢው ሁሉ ይሰማ ነበር። ጥሩዬ ሌላውን ሁሉ ረስታ እንባዋን በልጇ ፀጉር ላይ አፈሰሰች። ኪያ ቀሚሷን ቆልፋ ስፒሎቹን ከመሬት ለቀመችላት።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከበረንዳው ሆነው ፋሲልን ከበሩ ወጥታለች ወይ ብለው ጠየቁት። ፋሲል የበሩን ደፍ አየ፣ ድንጋዩን አየ። «አልወጣችም፣ አባባ። ውስጥ ናት» አለ።

ግራውንም ቀኙንም ጠጥታ ትጊ እንቅልፍ ሲወስዳት ለዘጠኝ ሃያ ደቂቃ ይጎድል ነበር። ጥሩዬ ለኪያ አስታቀፈቻትና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አሁን ምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ስስ ጥጥ ወጊውን አይረሳም፤ የተረተረችው የጠዋት ስፌት የመርፌ ቀዳዳ በሁለቱም ጎን መስመሩን እንደያዘ አለ። በዚያችው ቀዳዳ ላይ መልሳ ሰፋች። ከቁርጥራጩ ሰያፍ አድርጋ ሁለት ቀጫጭን ጥብጣብ ቆርጣ የተከፈተውን ብብት ያቅሟን ሰብሰብ አድርጋ ጠቀለለችው። ካውያውን አስነካችው፤ እርጥበቱ ደረቀ፤ ዳር ዳሩ ላይ ግን ወተቱ የደረሰበት ምልክት ደብዘዝ ብሎ ቀረ። ለበሰችው። ሸሚዙ በትከሻዋ፣ በደረቷ አልፎ ወገቧ ላይ ወረደ። የፊቱ ጫፍ ከኋላው ጋር እኩል ሆነ።

ሽማግሌው ሜትሩን ሰጧት፤ አዞረች፤ አነበቡ። ሰማንያ ስድስት ነው። ጫፉን ከመሬት በመለኪያ ዘንጋቸው ለኩ፤ ዙሪያውን እኩል ነው። ብብቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ማነው እንዲህ ያሰፋው?»

«ጭንቀት ነው፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ብብቱ ነጥብ ቀነሱ፤ ከሥሩ ግን ብቁ ብለው ጽፈው ፈረሙ። ቅጹን ሲሰጧት፣ ከእንግዲህ የሰው ልክ ስትጽፊ የለካሽበትንም ሰዓት ጻፊ አሏት። እንዲህ ያለ ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር።

ወይዘሮ ብዙወርቅ አልጮኹም። ማስመሪያውን ስሟ ሥር አስተካክለው አስቀመጡ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት።

«ልጅ ስላለሽ አይደለም» አሏት። «ያኔ ብትነግሪኝ ደንብ ነው ብዬ እመልስሽ ነበር፤ አዝኜ እመልስሽ ነበር። አንቺ ግን ሦስት ወር አታለልሽኝ። እኔ ቁልፍ የማስረክበው ለማምነው ሰው ነው።»

ያኔ ብነግርዎት ኖሮ እዚህ እደርስ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ እስከ ጥሩዬ ጉሮሮ መጣ። መልሱን ሁለቱም ስለሚያውቁት ዋጠችው። ወረቀቷን አጥፋ ወጣች።

ጥሩዬና ትጊን የታቀፈችው ኪያ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። ፍየሎች ይግጣሉ፣ ባጃጆች ዳር ዳሩን ይሮጣሉ። ሼዶቹ ከማዶ ይታያሉ፤ ጥሩዬ ወደዚያ አላየችም።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለች ኪያ።

«ትችላለች ይላል።»

«መኪናውስ?»

«መኪናው የለም።»

ለፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቷል። ወደ ካንጋተን የሚወርደው መኪና ከየት እንደሚነሣ ጥሩዬ ታውቃለች፤ ተስፋሁንን የሸኘችው ከዚያው ነው። የተረገጠ ሣር ላይ ቆም ብላ ፊቷን በእጅጌዋ ልትጠርግ ክንዷን አነሣች፤ እጅጌ የለም፤ በባዶ ክንዷ ጠረገችው። እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ወረቀቱም እጇ ውስጥ ተጨማደደ።

ቤት ሳይደርሱ ሸሚዙ ደረቷ ላይ እንደገና ያዝ ማድረግ ጀመረ። ወተቱ እየተመለሰ ነው። ዛሬ ማታ ጎኑን ተርትራ ከቁርጥራጩ ስስ ጨርቅ ትቀጥልበታለች፤ ጡቷ ሞልቶ ሳለ ለክታ። ኪያ ከኋላዋ ቆመች።

«ነገ ሰው ከጠየቀኝ፣» አለች፣ «የማን ነው ልበል?»

ጥሩዬ የተኛችውን ልጅ ከኪያ ክንድ ላይ ተቀበለቻት።

«የጥሩዬ ናት በይ» አለች።